የስንሻው አራቱ የፊት ጥርሶች

ባለፈው ሰሞን የልጄን ልጅ ይዤ ፍኖተ ሰላም ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ልጅቱ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከረሜላ የበላው መንጋጋዋ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቷታል። ገና በሩ ሲከፈት የቅርንፉድ ሽታ መታኝና እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቅርንፉድ ዛሬም ለጥርስ እንደሚሆን አላውቅም ነበር፤ እንደ ብዙው ነገር ቀርቷል ብዬ ነበር የማስበው። ሐኪሙ እጁ ቀላል የሆነ ወጣት ነው፤ የልጅቱን ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና «አባባ፣ እስቲ የእርስዎንም ልየው» አለኝ። መብራቱን አፌ ውስጥ አበራና ጥርሶቼን ይቆጥር ጀመር። ከዚያ የሥራ ባልደረባውን ጠርቶ «ነይ እዪ፣ ሰማንያ የሞላቸው ሰው ናቸው፣ አንድ እንኳ አልጎደለም» አላት። «ምን ተጠቅመው ነው አባባ?» «መፋቂያ» አልኩት። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ልጁ ያመሰገነልኝ ጥርስ እፍረቴ መሆኑን ከየት ይወቅ። ቤቴ ከገባሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን፣ ጺሜ ካቀመቀመ በኋላ ነው፤ ጽሕፈቴም እንደዚያው ነው። ያም ሆኖ ልጻፈው።

እኛ የነበርነው ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ሁለት ሰዓት የማይሞላ ቦታ ነው። አባቴ ጥርስ ነቃይ ነበር፤ ሲሞት ጉጠቱንም ሙያውንም ለእኔ ተወልኝ። እርሻዬን አርሳለሁ፣ ጥርስ የቆረጠመው ሰው ሲመጣ ደግሞ በሬዬን ፈትቼ እጄን እታጠባለሁ። ክፍያው እንቁላል ነው፣ አንዳንዴ አንድ ቁና ዳጉሳ፣ አንዳንዴም ምርቃት ብቻ። ቅርንፉድ ለማስገዛት ቡሬ ገበያ ሰው እልካለሁ፤ ፍሬውን ወቅጬ በጥጥ አድርጌ የሚያመው ጥርስ ላይ አስነክሳለሁ። ትል ነው የሚበላኝ የሚለኝን ደግሞ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጥዬ ጢሱን በሸምበቆ አፉ ውስጥ አስገባለታለሁ። ትሉ ወጣልኝ እያለ ይሄዳል። ወጥቶ አይቼ አላውቅም፤ ግን ሰውየው ከተሻለው እኔ ምን ተዳዬ። ያን ጊዜ ቡሬ እንዲህ ባጃጅ አይርመሰመስባትም ነበር። የነቀምቴ መንገድ የሚገነጠልበት ላይ የቆርቆሮ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር። እህል የጫነ መኪና ሲመጣ አቧራው ሻዩ ላይ ይሰፍርና በጣታችን ገፍተን እንጠጣዋለን። ጎረምሳው ሁሉ ካኪ ቁምጣና ኮንጎ ጫማ ነበር የሚያደርገው፤ ኮንጎውም ፀሐይ ሲመታው እግር ይጠብሳል። ያማረበት ደግሞ ከማኅበር ሱቅ ተሰልፎ ያገኘውን ነጠላ ጫማ ብብቱ ውስጥ ይዞ ይመጣና ገበያው በር ላይ ያጠልቀዋል። ሬዲዮኑ ማርሽ ይመታል፤ ልጆቹ ማርሹን ይዘውት ለከብት ያፏጩበታል። ለምን እንደሚመታ ያሰበ አልነበረም።

የሰው ጥርስ ስነቅል ውዬ የቤተሰቤን ጥርስ ማስበላት ሞት መስሎ ይታየኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጆቼን በሩ ላይ፣ ብርሃኑ በሚገባበት በኩል አሰልፋቸውና አፋቸውን አስከፍታቸዋለሁ። ለትንንሾቹ የክትክታ መፋቂያ ነው፣ ድድ አይቧጭርም፤ ከፍ ላሉት ወይራ። ጫፉን አኝከው እንደ ብሩሽ እስኪበተን ድረስ አያስገቡትም። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ድዱን በጣት በጨው ማሸት፣ ከዚያ መጉመጥመጥ። ገመድ በጥርስ መበጠስ፣ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ አጥንት መቆርጠም እኔ ቤት ክልክል ነው። ሚስቴ የሻረግ ትስቅብኝ ነበር፤ «ሌላው አባት ልጁን ጸሎት ያስጠናል፣ እርስዎ ጥርስ ይቆጥራሉ» ትለኛለች። የሻረግ ከአዊ ወገን ናት፤ ስትናደድም ስትጸልይም በአገውኛ ነው። ለሙሽርነቷ ድዷን ተነቅሳ ነው የመጣችልኝ፤ ስትስቅ ጥቁሩ ድድ ከነጩ ጥርስ በላይ ብቅ ሲል ዓይኔን አላነሳም ነበር። የበኵር ልጃችን ስንሻው ተወልዶ ሳይቆይ ተቅማጥ ያዘው፤ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጥርስ አምጥቶ ነው፣ ድዱ ተፈልፍሎ ይውጣለት» ብላ ባለሙያ ጠራች። በሩ ላይ ቆሜ አላስገባም አልኩ። እናቴን እምቢ ያልኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። የጨውና የሩዝ ውሃ ስናጠጣው ሰንብቶ ዳነ። ሲያድግ ያ ጥርስ እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት ነጥቶ፣ እኩል ሆኖ ወጣ። ጥምቀት ላይ ሲዘል ልጃገረዶቹ ዘፈኑን ትተው አፉን ያዩ ነበር። እኔም በውስጤ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነው እላለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኩራት ነበር።

ስንሻው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነው አፈሳው በረታ። በየቀበሌው ለውትድርና ይህን ያህል ጎረምሳ አምጡ የሚል ወረቀት ይመጣል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስም ይጽፋል። ማን እንደተጻፈ አይነገርም። ጎረምሳው በየቆላው ይበተናል፣ የሸሸ ልጅ አባት ደግሞ ይታሰራል፣ መሬቱም ይነካል። እኛ በዚያ ጭንቀት ላይ ሳለን አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ ራሱ ጉንጩ እንደ ቅል አብጦ፣ ሻሽ ታስሮ፣ ጠመንጃውን ይዞ መጣ።

«ና እስቲ፣ ይችን እርጉም አውጣልኝ። ሦስት ቀን ሰው አላደረገችኝም» አለና ጉቶው ላይ ተቀመጠ።

«ጠመንጃውን አስቀምጠው፤ ሲያምህ ትተኩስብኛለህ» አልኩት። አብሮ አደጌ ነው።

«ጥርስ ነቃይ ላይ አልተኩስም። ማን ይነቅልልኛል?»

አፉን ከፈተ። ጉጠቱን የበሰበሰው መንጋጋ ላይ ካሳረፍኩ በኋላ ያዝ አድርጌው፣ «ስንሻውን ጽፈኸዋል?» አልኩት።

ዓይኑ ፈጠጠ። በጉሮሮው አንድ ነገር አለ፣ አልገባኝም። ነቀልኩት። ደሙን ሲተፋ ቆይቶ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠና «አንተ ሰው፣ አፌ ውስጥ ብረት ከተህ ነው የምትጠይቀኝ?» አለኝ።

«አፍህ ሌላ ጊዜ መቼ ይከፈትልኛል?»

ሊስቅ ፈልጎ አመመው። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ተጽፏል» አለ። «ወድጄ አይደለም። የመጣው ቁጥር ካለን ጎረምሳ ይበልጣል። የወንድሜንም ልጅ ጽፌያለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ፍኖተ ሰላም ይቀርባሉ። አታሽሸው፤ ካሸሸኸው አንተን አስረው ታናሹን ይወስዳሉ። እኔ ይህን አልነገርኩህም።» አንድ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ጨው አስቀምጦልኝ ሄደ። የሻረግ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

ስለ ጥርሱ ወሬ የመጣው በዚያው ሳምንት ከቡሬ ገበያ ነው። ዋሌ የሚባል የጎረቤት ልጅ ባለፈው ዙር ተወስዶ ከፍኖተ ሰላም ተመልሷል። ዋሌን በልጅነቱ በቅሎ ረግጣው የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። ለምን መለሱህ ሲሉት አያውቅም፤ አፌን አዩኝ፣ ደረቴን አዩኝ፣ ሂድ አሉኝ ይላል። ያችን የቆርቆሮ ሻይ ቤት የማይለቅ አንድ የጃንሆይ ዘመን ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ነገሩን የፈታው እሱ ነው። «የእጅ ቦምብ ቀለበት በምን የሚነቀል ይመስላችኋል?» አለ። «አንድ እጅህ ጠመንጃ ይዟል፣ አንዱ ቦምቡን ይዟል። በምን ትነቅለዋለህ? በፊት ጥርስህ! ጥርስ የሌለው ወታደር ግማሽ ወታደር ነው፣ መንግሥት አይቀልበውም።» እንዲህ ሲባል እኔም ነበርኩ። አሁን ሳስበው ሰውየው ቦምብ የያዘ አይመስለኝም። ያን ቀን ግን ሁላችንም አመንነው። እያንዳንዱ አባት ብርጭቆውን እያየ የልጁን አፍ ያስብ ነበር።

እኔ አስቤ ተውኩት። የሻረግ ግን አልተወችም። ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋትም ማታም፣ ውሃ ስትቀዳም ስትፈጭም ይህንኑ ነው።

«ይንቀሉለት።»

«ጤነኛ ጥርስ አልነቅልም። አባቴም ነቅሎ አያውቅም።»

«አባትዎ ልጁን ለጦር ሰጥቶ ያውቃል?»

«ወሬ ነው የሻረግ፤ የሻይ ቤት ወሬ ነው።»

«ዋሌ ወሬ ነው? ትናንት ከብት ሲያግድ አላዩትም?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እጇ የወፍጮው መጅ ላይ እንዳለ፣ «እርስዎ ካልነቀሉት እኔ ተኝቶ ሳለ በዚህ መጅ እሰብረዋለሁ። የሆነው ይሁን» አለችኝ።

ያሸነፈችኝ በዚህ ነው። እንደምታደርገው አውቃለሁ። የተሰበረ ጥርስ ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ፤ ሥሩ ድድ ውስጥ ይቀራል፣ ይመግላል፣ መንጋጋ ያበሰብሳል፣ ሰው የገደለ ሁሉ አይቻለሁ። እንግዲህ መደረጉ ካልቀረ ከነሥሩ በሚያወጣ እጅ ይሁን አልኩ። በሙያዬ አሳብቤ ነው እሺ ያልኩት። ዛሬ የሚቆጨኝ እምቢ ማለት መቻሌን ማወቄ ነው፤ አንድ ጊዜ በር ላይ ቆሜ ብያለሁ።

እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ዋንዛ ሥር ስንሻውን ጉቶው ላይ አስቀመጥነው። ታናናሾቹን ወደ አክስታቸው ሰደድናቸው። ሁለት መለኪያ አረቄ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ አያውቅም ነበርና ዓይኑ ወዲያው ቀላ።

«አባየ፣ ስንቱን ነው?»

«አራቱን። የላይኞቹን።»

«ለቦምቡ አንዷ ብትጎድል አትበቃም?»

«ዝም በል፣ አፍህን ክፈት።»

«ኋላ ሚስት የምትሰጠኝ ማን ናት? እርስዎ ያምጡልኛል?» ይስቃል። እያሳቀን ነው እንጂ ጉቶውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል። የሻረግ ከኋላው ቆማ ራሱን በደረቷ ደግፋ ያዘች። የታመመ ጥርስ እጅ ይሰጣል፣ ትንሽ ስትነቀንቀው ይለቃል። ጤነኛ ጥርስ እንዲህ እንደሚይዝ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ሲወጣ የተሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነው። ስንሻው አልጮኸም። እግሩ ብቻ መሬቱን ይቆፍራል። ሁለተኛው ላይ እጄን አላበኝና ጉጠቱ አመለጠኝ፤ የሻረግ አገውኛዋን ጀመረች፣ ጸሎት ይሁን እርግማን አልለየሁም። ሦስተኛው ላይ እኔ ቆምኩ። «አባየ፣ ይጨርሱት» አለኝ በዚያ በደም በተሞላ አፉ፤ «ግማሽ ሆኜ እንዳልቀር።» ጨረስኩት።

አራቱ ጥርሶች በዋንዛ ቅጠል ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሥራቸው ረጅም፣ ንጹሕ፣ አንድ እንከን የለባቸውም። የልጅ የወተት ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይጣላል፣ በምትኩ እንዲበቅል። የሻረግ ቅጠሉን አንስታ ወደ ቤቱ ዞረች። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «ልወርውረው» አለችኝ። «የትልቅ ሰው አይበቅልም የሻረግ።» «አውቃለሁ» አለችና አንድ በአንድ ወረወረቻቸው። የጣሪያው ሳር ላይ ሲያርፉ ድምፅ እንኳ አልነበራቸውም።

የቀረንን አምስት ቀን ቁስሉን ስጠብቅ ነው የከረምኩት። በለብ ያለ ጨው ውሃ በቀን አምስት ጊዜ አስጉመጠምጠዋለሁ፣ ጤና አዳም ቀቅዬ ድዱን አሸዋለሁ፤ ቀሪ ጥርሶቹን በለስላሳ መፋቂያ ራሴ እፍቅለታለሁ፣ እንደ ሕፃን። ቁስሉ ድሮ የወለቀ እንዲመስል ቶሎ ይደፈንልኝ ብዬ እግዚአብሔርን ለመንኩ። አጥሚት ብቻ ነበር የሚወስደው። ሲናገር ነፋስ ያመልጠዋል፤ በዚያም ይስቃል፣ ሲስቅ አፉን በጋቢው ይሸፍናል። ይህን አፍ መሸፈን ማንም አላስተማረውም።

ከቡሬ ጎረምሶቹን በእህል መኪና ጫኗቸው፤ እኔና የሻረግ በሌላ መኪና ከጆንያ ላይ ተቀምጠን ተከተልናቸው። ፍኖተ ሰላም ያኔ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ባሕር ዛፍ የወረሳት ከተማ ነበረች፤ ጎረምሶቹን የሰበሰቡበት በአጥር የታጠረ ሜዳ ነው። ወላጅ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፤ በእንጨቱ መሐል ሁሉም ይታያል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ታዲያ አንድ ነገር አየሁ፣ መጀመሪያ አልገባኝም። ልጆቹ በረድፍ ተቀምጠው ብዙዎቹ አፋቸውን ሸፍነዋል። በጋቢ፣ በፎጣ፣ በኮት ኮሌታ። በዚያ ሙቀት። የሻረግ «ብርድ ነው እንዴ የያዛቸው?» አለችኝ። ከሽንዲ፣ ከደጋ ዳሞት፣ ከቆላው፣ ከየት ከየት የመጣ ልጅ ነው። እያንዳንዱ ብቻውን የሆነ መስሎት አንገቱን ደፍቷል። ከአጥሩ ውጭ ያለነው ወላጆችም እርስ በርስ አንተያይም ነበር።

ጠረጴዛ ወጥቶ ምርመራው ሲጀመር አፉን ያልሸፈነው ጥቂት ነው ለማለት እደፍራለሁ። አንድ በአንድ ሲከፍቱ እያየሁ ሙያዬ ያንን ሁሉ አነበበልኝ፤ ማንበብ ባልችል በወደድኩ። ያ በድንጋይ ነው። ያ በምሳር ጀርባ ነው፣ ከንፈሩም ተተርትሯል። ያ አንዱ ደግሞ ሥሩ ቀርቷል፣ ጉንጩ ነፍቷል፣ ትኩሳት ላይ ነው፤ ሐኪም ካላየው ወሩን አይዘልቅም። የስንሻውን ያህል ንጹሕ ሥራ አልነበረም። ይህን ሳስብ የተሰማኝን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።

መርማሪው ነጭ ካፖርት ከካኪ ላይ የደረበ ሰው ነው፤ ደክሞታል፣ አይከፋም። አጠገቡ አንድ መኰንን ቆሞ «ራሱን ያጎደለ ይቀጣል! ያጎደለውም ሰው ይታሰራል!» እያለ ይጮኻል። የስንሻው ተራ ደረሰ። ከአጥሩ ዐሥር ርምጃ አይሆንም፣ ሁሉም ይሰማኛል።

«አንተስ? አንተም ወድቀህ ነው?» አለ መርማሪው።

«በቅሎ ረግጣኝ ነው ጌታዬ።»

«መቼ?»

«በልጅነቴ።»

መርማሪው በጣቱ ከንፈሩን ገልጦ ቆየ። «እንዴት ያለች ሙያተኛ በቅሎ ናት! ድዱን ሳትነካ፣ ሥር ሳታስቀር፣ አራቱን በእኩል። ከሳምንት ወዲህ መሆኑ ነው እንጂ ያስመሰግናት ነበር። ጉጠት አላት?» ዙሪያው ያሉት ወታደሮች ሳቁ።

መኰንኑ ቀረበ። «ማነው የነቀለህ? ስሙን ተናገር!»

«በቅሎ ናት ጌታዬ።»

በጥፊ መታው። «ማነው?»

«በቅሎ ናት።»

ስንሻው ወደ አጥሩ አላየም። አንዴ እንኳ አላየኝም፤ ቢያየኝ ያውቁብኛል ብሎ ነው። እኔም አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ፣ አባቱ ነኝ፣ እኔን እሰሩ ማለት ነበረብኝ። የሻረግ ክንዴን ያዘችኝ፤ ይናገሩ ትበለኝ ዝም ይበሉ ትበለኝ አላወቅሁም፣ አልጠየቅኋትምም። ዝም አልኩ። ሁለተኛ ጥፊ ተመታ። መርማሪው ነው «ተወው፣ የዚህን ሁሉ ልጅ እናት አባት አስረን እንዘልቀዋለን?» ብሎ የገላገለው። ከዚያ ወደ ስንሻው ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ ልጄ፣ ማን ነው እንዲህ ያለ ወሬ የነዛባችሁ?»

«ከእኛ አገር አንድ ልጅ ተመልሷል። ጥርስ ስለሌለው።»

«ያን ልጅ አስታውሰዋለሁ፤ ጥርስ ስለሌለው አይደለም የመለስነው። ሳንባው አልቆ ነው።»

«ቦምቡስ ጌታዬ? ቀለበቱ በጥርስ አይደለም?»

መርማሪው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ደግሞ አልሳቀም። የስንሻውን ቀኝ እጅ አንስቶ ጣቶቹን አጠፈና ዘረጋ። «በዚህ ነው የሚነቀለው» አለ። «እለፍ።»

ስንሻው አለፈ። አፉን ሸፍኖ የመጣው ሁሉ አለፈ። ያ ጉንጩ የነፋው ብቻ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ ዳነ አልዳነ አላውቅም።

ዋሌም የዚያኑ ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ ደም እየተፋ ሞተ። ስንሻውም አልተመለሰም። ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጥቶልን ነበር፤ ያነበብኩት እኔው ራሴ፣ በመሠረተ ትምህርት ባገኘኋት ፊደል፣ ጣቴን እያስኬድኩ ግማሽ ቀን ፈጅቼ ነው። ደኅና ነኝ ይላል። የሚሰጡን ኮቾሮ፣ ደረቁ ዳቦ፣ እንደ ድንጋይ ነው፣ በፊት ጥርስ የሚነከስ አይደለምና ሁላችንም በውሃ እያራስን ነው የምንበላው፣ በእኔ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ ይላል። እኔን ለማጽናናት የጻፈው መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። መንግሥቱ ሲለወጥ ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ፣ ባዶ እግሩን፣ እየለመነ ወደ ቀየው ይመለስ ነበር። ያን ክረምት ቡሬ መገንጠያው ላይ እየተቀመጥኩ የሚያልፈውን አፍ አፉን አየሁ፤ ፊቱ በጢምና በራብ ሊለወጥብኝ ይችላል፣ አፉ ግን አይለወጥብኝም ብዬ። የፊት ጥርስ የሌለው ስንት ሰው አለፈ መሰላችሁ። አንዱም የእኔ አልነበረም። ኋላ አብሮት የነበረ የሽንዲ ልጅ መጥቶ፣ በሄደ በዓመቱ አንድ ኮረብታ ላይ ቀረ ብሎ ነገረን። አስከሬን አልነበረንም፣ ልብሱን አልቅሰን ቀበርን። ከዚያ ወዲህ የጤነኛም የታመመም ጥርስ ነቅዬ አላውቅም። ሰው ሲመጣ ፍኖተ ሰላም ሐኪም አለ፣ ሂድ እላለሁ። የሻረግ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፣ እኔም አልወቀስኳት፤ ጥርስን የሚመለከት ወሬ ግን በሁለታችን መካከል ዳግመኛ ተነስቶ አያውቅም።

ከአንድ ቀን በስተቀር። የሄዱበት ያው ቀን ነው፣ ምርመራው ካለቀ በኋላ። ጎረምሶቹን በአምስት ትላልቅ መኪና ጫኗቸው፤ ወላጁ ወደ መንገዱ ወጥቶ ይጮኻል፣ ስም ይጣራል፣ ዳቦ ይወረውራል። ስንሻው በሦስተኛው መኪና ላይ ዳር ቆሟል፣ አፉ በጋቢ እንደተሸፈነ። የሻረግ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ተክላበታለች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ስንሻው ወደ እኛ ዞረ። ጋቢውን ከአፉ አወረደና በሙሉ አፉ፣ ድሮ ጥምቀት ላይ እንደሚስቀው አድርጎ ሳቀልን። ከላይ ድዱ ብቻ ነበር የሚታየው። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ነበር። መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አፉን አልከደነም።

ወደ ቡሬ የሚመለስ መኪና አጥተን በእግር ጀመርን። አንድ ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው የሻረግ ቆመች።

«አዩት?» አለችኝ።

«አየሁት።»

«ቁርጥ ሽማግሌ መሰለ እኮ። ሲያረጅ እንዲያ ነው የሚሆነው።» ነጠላዋን አጣፋችና መንገዱን ቀጠለች። «ሽበቱ ነው የቀረው እንጂ ዛሬ አየነው።»

«አዎ» አልኳት፣ «አየነው።»